የሥውር ጽሕፈት ሊቅ ዮሐንስ ትሪቴሚዩስ

ሰው ሐሳቡን በሁለት መንገድ ከባዕድ ዓይን ሊሰውር ይችላል። አንደኛው መንገድ መልእክቱን ሌላ ሰው ሊያነበው በማይችል ልዩ ምልክት መጻፍ ነው። እንዲህ ያለውን ጽሕፈት ያየ ሰው ምሥጢሩን ባያውቀው እንኳ ምሥጢር መኖሩን ያውቃል። ሁለተኛው መንገድ ግን ከዚህ ይረቃል፤ ይኸውም መልእክቱን በተራ ነገር ውስጥ ሸሽጎ የምሥጢሩን መኖር ጭምር መሰወር ነው። የአገራችን የቅኔ ሊቃውንት ይህን ሁለተኛውን መንገድ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በሰምና ወርቅ ቅኔ ውስጥ ሰሙን ሁሉም ይሰማዋል፤ ወርቁ የሚገለጠው ግን ሰሙን ማቅለጥ ለሚችል ብቻ ነው። በኤውሮፓ ደግሞ ለዚህ ጥበብ መጠሪያ ስም የሰጠውና ስለ ጥበቡም ክብሩን የከፈለው ሰው ዮሐንስ ትሪቴሚዩስ የተባለ የገዳም አበምኔት ነበር። ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው የእርሱ የሕይወት ታሪክ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትሪቴሚዩስ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1462 በዛሬይቱ ጀርመን፣ በሞዘል ወንዝ ዳር በምትገኝ ትሪተንሃይም በምትባል የወይን አምራቾች መንደር ተወለደ። መጠሪያ ስሙም የተገኘው ከዚህችው መንደር ስም ነው። አባቱ የሞተው ልጁ ገና በሕፃንነቱ ሳለ ነበር። እናቱ ጥቂት ዓመታት በመበለትነት ከኖረች በኋላ ሌላ ባል አገባች። እንጀራ አባቱ ግን ልጁ ወደ ትምህርት እንዳያዘነብል አጥብቆ የሚከለክል ሰው ሆነ። ከዚህም የተነሣ ትሪቴሚዩስ እስከ 15 ዓመቱ ድረስ ማንበብና መጻፍ ሳያውቅ አደገ። ይሁን እንጂ የዕውቀት ጥማቱ ከክልከላው በረታ። ቤተ ሰቡ ሲተኛ በሌሊት እየተሹለከለከ ፊደል ቈጠረ፤ ጥቂት ቈይቶም የላቲን ቋንቋን ጀመረ። በኋላ ስለ ሥውር ጽሕፈት የሚመራመረው ሊቅ የመጀመሪያውን ፊደል ያወቀው እንዲህ በሥውር ነበር።

ዕድሜው ለወጣትነት ሲደርስ የእንጀራ አባቱን ቤት ትቶ ዕውቀት ፍለጋ ወጣ። የአገራችን የቆሎ ተማሪ መምህር ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር እንደሚዞር ሁሉ፣ እርሱም ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞር ቈይቶ በመጨረሻ ወደ ሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። በዚያም ስማቸው ከታወቀ ምሁራን ጋር ተዋወቀ። በ1482 መጀመሪያ፣ በክረምቱ ብርድ ወራት፣ ወደ ትውልድ መንደሩ ለመሄድ ጉዞ ጀመረ። መንገድ ላይ ሳለ ከባድ የበረዶ ውሽንፍር ስለ ደረሰበት ሽፖንሃይም በሚባል የቅዱስ በነዲክቶስ ሥርዓት ተከታዮች ገዳም ተጠለለ። በመጠለያነት የገባበት ገዳምም የኑሮው ስፍራ ሆነ። በዚያው መንኵሶ ከቀረ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በ1483፣ መነኰሳቱ አበምኔታቸው አድርገው መረጡት። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 21 ዓመት ብቻ ነበር።

ገዳሙ በዕዳ የተያዘ፣ ሕንፃው የፈረሰ፣ ሥርዓቱም የላላ ነበር። ወጣቱ አበምኔት ዕዳውን ከፈለ፤ ሕንፃውን አደሰ፤ መነኰሳቱንም ወደ ሥራና ወደ ጸሎት መለሳቸው። ከሁሉ ይልቅ የደከመው ግን ለቤተ መጻሕፍቱ ነበር። ሹመቱን ሲቀበል በገዳሙ የነበሩት መጻሕፍት 50 እንኳ አይሞሉም ነበር። ከ20 ዓመታት በላይ ባደረገው ጥረት፣ አንዳንዱን በመግዛት፣ አንዳንዱን በመለወጥ፣ ሌላውንም በማስገልበጥ ቍጥራቸውን ወደ 2,000 አደረሰው። ይህም በዚያ ዘመን በጀርመን አገር ስሙ የገነነ ስብስብ ስለ ነበር ከሩቅ ከተሞች ሊቃውንት መጻሕፍቱን ለማየት ይመጡ ነበር።

በዚያን ጊዜ በማይንዝ ከተማ የተጀመረው የጉተንበርግ የማተሚያ ጥበብ በመላው ኤውሮፓ እየተስፋፋ ሄዶ ነበር። ትሪቴሚዩስ የማተሚያውን ጥቅም አልካደም፤ ራሱም መጻሕፍቱን ያሳትም ነበር። ነገር ግን መነኰሳቱ የእጅ ጽሕፈትን ጨርሰው እንዳይተዉ በመስጋት የጸሐፊዎችን ሥራ የሚያወድስ መጽሐፍ ጻፈ። በዚህም መጽሐፍ ብራና ከወረቀት ይልቅ ለብዙ ዘመን እንደሚኖርና በእጁ የሚገለብጥ ሰው ያነበበው በልቡ እንደሚቀረጽ አስረዳ። ይህን ሐሳብ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ብርዕ ቀርጸው ሲጽፉ የኖሩት የአገራችን ጸሐፊዎች ቢሰሙት ኖሮ የራሳቸው ቃል በመሰላቸው ነበር። መጽሐፉ በ1494 የወጣው ግን በማተሚያ ታትሞ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ ወደ 1,000 የሚጠጉ የቤተ ክርስቲያን ደራስያንን ከነሥራዎቻቸው የሚዘረዝር መጽሐፍ አወጣ። በዚህ ሥራውም የመጻሕፍት ዝርዝር ጥናት አባት ተብሎ ይጠራል።

የሰው ታሪክ ሲጻፍ ምስጋናው ብቻ ተነግሮ ነቀፋው አይቀርም። ትሪቴሚዩስ ስለ ጥንት ሕዝቦች ታሪክ በጻፋቸው መጻሕፍት ውስጥ ሁኒባልድ የሚባል አንድ ጥንታዊ ጸሐፊ በምስክርነት ጠቅሷል። ኋላ ሊቃውንት ሲመረምሩ ግን ይህ ጸሐፊ ከትሪቴሚዩስ ብዕር በስተቀር በሌላ በየትም እንዳልተገኘና በእርሱ የተፈጠረ መሆኑን ደረሱበት። ስለዚህ በታሪክ ጸሐፊነቱ ላይ ጥላ አጥልቷል። ምሥጢርን መውደድ እውነትን ከመሸሸግ ጋር ሲቀላቀል ምን ያህል እንደሚጎዳ ይህ ያመለክታል።

የሕይወቱ ትልቁ ፈተና የጀመረው በ1499 ነው። በዚያ ዓመት በጌንት ከተማ ይኖር ለነበረ አርኖልዱስ ቦስቲዩስ ለሚባል ወዳጁ አንድ ደብዳቤ ላከ። በደብዳቤውም አዲስ መጽሐፍ በመጻፍ ላይ መሆኑን፣ መጽሐፉም ማንም ሳይጠረጥር ሐሳብን ወደ ሩቅ አገር ለመላክ የሚያስችል አስደናቂ ጥበብ እንደሚገልጥ በኵራት አበሰረ። ዳሩ ግን ደብዳቤው ሲደርስ ቦስቲዩስ ሞቶ ነበር። ስለ ምሥጢር አጠባበቅ የተጻፈው ደብዳቤ ለባለቤቱ ሳይደርስ በሌሎች እጅ ተከፈተ፤ ተነበበ፤ ተገልብጦም ከአገር ወደ አገር ተሠራጨ። ያነበቡት ሰዎች ይህን የመሰለ ነገር ያለ አጋንንት ርዳታ ሊሆን እንደማይችል አወሩ። አበምኔቱም ጠንቋይ ነው የሚል ወሬ ተነዛ።

መጽሐፉ ስቴጋኖግራፊያ ይባላል። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጕሙ የተሸፈነ ጽሕፈት ማለት ነው። ላይ ላዩን ለሚያነበው ሰው መጽሐፉ የመናፍስትን ስም፣ የሚጠሩበትን ሰዓትና የሚጠሩበትን ቃል የሚዘረዝር የጥንቆላ መጽሐፍ ይመስላል። ይህ ግን ሰሙ ነው። ወርቁ ሌላ ነው። ትርጕም የሌላቸው የሚመስሉት የመጥሪያ ቃላት በውስጣቸው የአሠራሩን መመሪያ ይዘዋል። ለምሳሌ በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ከሚገኘው አንድ የመጥሪያ ቃል አንዱን ቃል እየዘለሉ፣ በቀሩትም ቃላት አንዱን ፊደል እየዘለሉ ቢያነቡት ግልጽ የላቲን ዐረፍተ ነገር ይወጣል። ዐረፍተ ነገሩም ምሥጢሩን በየቃላቱ የመጀመሪያ ፊደል ላይ እንዲያኖሩ የሚያስተምር ነው። መናፍስት የተባሉትም መልእክትን የመሸሸጊያ ልዩ ልዩ ዘዴዎች መጠሪያ ናቸው።

ዘዴው በአማርኛም ሊሠራ ይችላል። አንድ ሰው ወደ ወንድሙ በላከው ደብዳቤ ውስጥ፣ ተስፋዬ መጽሐፉን ለመምህሩ ስጥ፣ ብሎ ጻፈ እንበል። ደብዳቤውን በመንገድ የከፈተ ሰው ስለ መጽሐፍ የተጻፈ ተራ ነገር መስሎት ያልፈዋል። ምሥጢሩን አስቀድሞ የተስማማው ወንድም ግን የአራቱን ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት አሰባስቦ ተመለስ የሚለውን ትእዛዝ ያገኛል። በዚህ ውስጥ ጥንቆላ የለም፤ ያለው ስምምነትና ጥንቃቄ ብቻ ነው።

በ1504 ገደማ ሻርል ደ ቦቬል የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ወደ ሽፖንሃይም በእንግድነት መጣ። ትሪቴሚዩስም እንግዳውን በክብር ተቀብሎ ገና ያልታተመውን መጽሐፍ አሳየው። ቦቬል ገጾቹን ሲገልጥ ያየው እንግዳ የሆኑ የመናፍስት ስሞችን ብቻ ነበር። ሰሙን አይቶ ወርቁን ሳይፈልግ ተመለሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም መጽሐፉ የአጋንንት ሥራ እንደ ሆነና በእሳት ሊቃጠል እንደሚገባው የሚያትት ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው በመታተሙ ክሱ በምሁራን ዘንድ በሰፊው ተሰማ። ትሪቴሚዩስ ከአጋንንት ጋር አንዳች ኅብረት እንደሌለው ደጋግሞ ቢያስረዳም መጽሐፉን ለማሳተም አልደፈረም። ሦስተኛው ክፍልም ሳይፈጸም ቀረ።

መከራው ከውጭ ብቻ አልመጣም። በ1505 ትሪቴሚዩስ ከገዳሙ ርቆ ሳለ በጥብቅ አስተዳደሩ የተማረሩት መነኰሳት ዐመፁበት። እርሱም ወደ እነርሱ ላለመመለስ ወሰነ። ለ22 ዓመታት የመራውን ገዳምና በድካሙ ያሰባሰባቸውን መጻሕፍት ትቶ መሄድ ግን ልቡን ሰበረው። በ1506 በቩርትስቡርግ ከተማ በሚገኘው በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም በአበምኔትነት ተሾመ። ገዳሙ ትንሽ ነበር፤ መነኰሳቱም ጥቂቶች ነበሩ። ነገር ግን ጸጥታን አገኘ፤ ከብዕሩም ጋር እንደ ገና ተገናኘ።

በ1508 ፖሊግራፊያ የሚባለውን መጽሐፍ ፈጽሞ ለንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን አበረከተ። በዚህ ጊዜ የመናፍስትን ስም መሸፈኛ አላደረገም፤ ከደረሰበት መከራ ትምህርት ወስዶ ነበርና። በመጽሐፉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የላቲን ቃል የሚሰጡ ብዙ ሰንጠረዦች ይገኛሉ። ምሥጢር ጸሐፊው ለመልእክቱ የመጀመሪያ ፊደል ከመጀመሪያው ሰንጠረዥ፣ ለሁለተኛው ፊደል ከሁለተኛው ሰንጠረዥ ቃል እየመረጠ ይጽፋል። ቃላቱ በረድፍ ሲደረደሩ የተሟላ ጸሎት ይሆናሉ። መልእክተኛው ቢያዝም በእጁ የሚገኘው የአምላክ ምስጋና ነው። ከዚህም ሌላ 24 ፊደላትን በ24 ረድፎች፣ በየረድፉ አንድ አንድ ፊደል እያንሸራተተ የሚያቀርብ ሰንጠረዥ አዘጋጀ። በዚህ ሰንጠረዥ አንዱ ፊደል በየጊዜው በሌላ በሌላ ፊደል ስለሚተካ ምሥጢሩን ለመፍታት ያስቸግራል። ይህ አሠራር ከእርሱ በኋላ ለመጡት የምሥጢር ጽሕፈት አጥኚዎች መሠረት ሆኗል። ትሪቴሚዩስ ግን የመጽሐፉን መታተም አላየም። በዲሴምበር 13 ቀን 1516 በ54 ዓመቱ በዚያው በቩርትስቡርግ ዐረፈ። ፖሊግራፊያ የታተመው በ1518 ሲሆን፣ ስለ ምሥጢር ጽሕፈት በማተሚያ የወጣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው።

ስቴጋኖግራፊያ ግን ለረጅም ጊዜ በእጅ እየተገለበጠ በሥውር ይዘዋወር ነበር። በ1563 ጆን ዲ የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ በአንትወርፕ ከተማ አንድ ቅጂ ቢያገኝ ቀናት ሙሉ ተቀምጦ በእጁ ገልብጦታል። በመጨረሻም በ1606 በፍራንክፉርት ከተማ ከመፍቻው ጋር ታተመ። መፍቻው ከመጽሐፉ ጋር ቢቀርብም ክሱ አልቀረም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1609፣ የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በተከለከሉ መጻሕፍት መዝገብ ውስጥ አገባችው፤ እስከ 1900ም ድረስ በዚያው ቈየ።

የመጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። ይህ ክፍል ያለ ቃል፣ ያለ ጽሕፈትና ያለ መልእክተኛ ሐሳብን ወደ ሩቅ ቦታ ለመላክ እንደሚያስችል ይናገራል፤ በውስጡም በቍጥር የተሞሉ ሰንጠረዦች አሉ። በ1676 ቮልፍጋንግ ኤርንስት ሃይድል የተባለ ጀርመናዊ ሰንጠረዦቹን እንደ ፈታ አስታወቀ። መልሱን ያሳተመው ግን እርሱም በምሥጢር ጽሕፈት ስለ ነበር ማንም ሊያረጋግጥለት አልቻለም። ከ300 ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ የጀርመንኛ ቋንቋ ምሁሩ ቶማስ ኤርንስት በ1996 ባሳተመው ጥናት፣ የሒሳብ ሊቁ ጂም ሪድስ ደግሞ በ1998 ለብቻው ባደረገው ምርምር ቍጥሮቹን ፈቱ። የሃይድልም ጽሕፈት ሲፈታ እውነት መናገሩ ታወቀ። ከቍጥሮቹ በስተጀርባ የተገኘው ግን የአጋንንት ስም አልነበረም። የተገኙት አሠራሩን ለመለማመድ የተጻፉ ተራ ዐረፍተ ነገሮች፣ የአንድ መዝሙር መነሻና ደብዳቤውን የያዘው ሰው ሌባ ስለ ሆነ ተጠንቀቅ የሚል ማስጠንቀቂያ ናቸው። ሌባው የራሱን ክስ ሳያውቀው ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። ትሪቴሚዩስም በሞተ በ480 ዓመቱ ከጥንቆላ ክስ ነጻ ወጣ።

ትሪቴሚዩስ በሦስተኛው ክፍል የተመኘውን ነገር ያለ መናፍስት የፈጸመው የኋላው ዘመን ሳይንስ ነው። ለዚህ ማስረጃ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘውን የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማን ስም መመልከት ይበቃል። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ያለ ሽቦ፣ በአየር ብቻ መልእክት ከሚያስተላልፈው መሣሪያ የመጣ ነው። በ1935 ሥራውን የጀመረው የሬዲዮ ጣቢያም በዚሁ ሰፈር ነበር። ሕዝቡ እንግዳውን ጥበብ አይቶ ጥንቆላ አላለውም፤ በአገሩ ቋንቋ የሚስማማ ስም አወጣለት። ይሁን እንጂ በንፋስ የተላከን ቃል መቀበያ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ መልእክት በአየር መጓዝ ከጀመረ ወዲህ የመሸሸግ ጥበብ ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ እንጂ አልቀረም።

ዛሬ ይህ ጥበብ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ ስሙም ትሪቴሚዩስ ያወጣለት ስቴጋኖግራፊ ነው። በኮምፒዩተር የሚቀመጥ ፎቶግራፍ ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቀለም መጠን የሚያመለክቱ ሦስት ቍጥሮች አሉት፤ እያንዳንዱም ቍጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ቀዩ 200 የነበረው ነጥብ 201 ቢሆን የሰው ዓይን ልዩነቱን አይለይም። ስለዚህ የየቍጥሩን የመጨረሻ አኃዝ በጥቂቱ በመለወጥ መልእክት ማኖር ይቻላል። በወርዱ 1,000፣ በቁመቱ 800 ነጥቦች ያሉት ፎቶግራፍ 800,000 ነጥቦችና 2,400,000 ቍጥሮች አሉት። አንድ የግእዝ ፊደል በተለመደው የኮምፒዩተር አጻጻፍ 24 እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ስለሚፈልግ በዚያ አንድ ፎቶግራፍ ውስጥ 100,000 ፊደላት ሊሸሸጉ ይችላሉ። የሚያየው ሰው ግን የሚያየው የሠርግ ወይም የተራራ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሽሽጉ ግን የማይደፈር አይደለም፤ ፎቶግራፉ መጠኑ እንዲያንስ ሲጨመቅ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ስለሚለወጡ መልእክቱ ሊጠፋ ይችላል፤ የረቀቀ የሒሳብ ምርመራም ሊገልጠው ይችላል።

እንደ ማንኛውም መሣሪያ ሁሉ ይህም ጥበብ ለበጎም ለክፉም ይውላል። የፎቶግራፍ ባለቤት ሥራው እንዳይሰረቅበት ስሙን በውስጡ ሊሰውር ይችላል። በአንጻሩ ተንኰለኛ ሰው ፋይልን ሌላ ነገር አስመስሎ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በ2013 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ተቋም፣ የተቃዋሚ ፖለቲከኞችን ፎቶግራፎች ማጥመጃ በማድረግ በኢትዮጵያ ስለ ተሠራጨ የመሰለያ ፕሮግራም ዘገባ አውጥቷል። ፎቶግራፍ ነው ብሎ የከፈተው ሰው ፎቶግራፉን ያያል፤ በስተጀርባ ግን ሰላዩን ወደ ቤቱ ያስገባል። ከማይታወቅ ሰው የመጣን ፋይል ከመክፈት መቆጠብ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

የትሪቴሚዩስ ሕይወት ሁለት ወገን ያለው ትምህርት ይሰጣል። በአንድ ወገን፣ ያልተረዱትን ነገር መርምሮ በማወቅ ፈንታ በክፉ ስም መጥራት በሰው ላይ ምን ያህል በደል እንደሚያደርስ ያሳያል። ቦቬል ጥቂት ታግሦ ቢጠይቅ ኖሮ ወርቁን ባገኘው ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ ትሪቴሚዩስ ራሱ ከሚገባው በላይ አስፈሪ ሰም በመምረጡ ለጥርጣሬ በር ከፍቷል። ሰም ወርቁን ለመጠበቅ ይጠቅማል፤ እጅግ ሲከብድ ግን ወርቁን ቀብሮ ያስቀራል። እንግዲህ የሚጽፍ ሰው ለሚሰውረው ነገር ልክ ሊያበጅለት፣ የሚያነብ ሰውም ከመፍረዱ በፊት ሰሙን ሊያቀልጥ ይገባዋል።